የ«ቀጥታ ዋጋ» ሰሌዳ ለምን ቀጥ ይላል? ከድረ ገጹ ፊት የሚቆመው ሰርቨር ሥራና ጣጣ

የዛሬው ጽሑፍ የዋጋ አስተያየት ሳይሆን ትምህርት ነው። ረዘም ስለሚል ሻይ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ደጋግማችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር አለ። «ገጹ ላይ ቀጥታ ይላል፣ አረንጓዴዋ ነጥብም በርታለች፤ ቁጥሩ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። የቆመው ገበያው ነው ወይስ ገጹ?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ግን ዋጋው ከግብይቱ ተነስቶ ስልካችን ላይ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዱ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ደላላ ቆሟል። የቀጥታ ሰሌዳዎች ብዙ ጊዜ የሚበላሹት እዚያ ደላላ ጋ ነው።

ጽሑፉ ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንዱ ሰሌዳውን አይቶ የሚገዛና የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሌላው ኦዳ ቡልቱምም ሆነ ሌላ ቦታ ኮምፒውተር ተምሮ «እኔም ለአካባቢዬ የዋጋ ገጽ ልሥራ» የሚል ወጣት ነው። ነጋዴው ክፍል 4ን ቢዘለው አይጎዳም፤ ክፍል 6ን ግን እንዳይዘል።

📌 1. ጉዳዩ የብር ጉዳይ ነው

በስሌት እንጀምር። አንድ አቅራቢ 60 ኩንታል ያልታጠበ ቡና አለው እንበል። 60 ኩንታል ማለት 6,000 ኪሎ ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ወደ 353 ፈረሱላ ይመጣል። ሰሌዳው በፈረሱላ 100 ብር ያረጀ ዋጋ ቢያሳየው፣ በዚያ ዋጋ ከተስማማ ወደ 35,300 ብር ከኪሱ ወጣ ማለት ነው። ያረጀው ዋጋ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ገዢው ነው የሚጎዳው።

የኒውዮርክን ዋጋ የምትከታተሉም ይህን ያዙ። እዚያ አረቢካ ቡና የሚነገረው በፓውንድ ስንት ሳንቲም እየተባለ ነው። አንድ ፈረሱላ ወደ 37.5 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ኒውዮርክ በ1 ሳንቲም ሲንቀሳቀስ አንድ ፈረሱላ ላይ 37 ሳንቲም ተኩል ዶላር ይሆናል፤ 353 ፈረሱላ ላይ ደግሞ 132 ዶላር። 10 ሳንቲም ከተንቀሳቀሰ 1,320 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ዋጋው በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ሳንቲም ሲወጣና ሲወርድ አይተናል። ይህ ማለት ግን የኒውዮርክ ሳንቲም ሙሉ በሙሉ በደሳ ይደርሳል ማለት አይደለም። ደረጃው አለ፣ የሐረር ቡና የራሱ ልዩነት አለ፣ ማጓጓዣ አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ምንዛሪው ራሱ በገበያ የሚወሰን ሆኗል። በአንድ ጊዜ ሁለት የሚንቀሳቀሱ ቁጥሮች እየተከታተልን ነው ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ግብይት ሲጀምር ከትልልቅ ዓላማዎቹ አንዱ ይኸው የመረጃ ክፍተት ነበር። አዲስ አበባ የተቆረጠው ዋጋ በየከተማው በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በአጭር የጽሑፍ መልዕክትና በ929 የስልክ መስመር ወደ አምራቹ እንዲደርስ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ግብይቱ ራሱ እጅ ለእጅ እየተማቱ ከሚጮሁበት አዳራሽ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ዛሬ ሰሌዳው ኪሳችን ውስጥ ነው። ቁጥሩ አሁንም በጊዜው ካልደረሰ ግን ሰሌዳው ስልክ ላይ መሆኑ ብቻውን ምንም አይጠቅመንም።

ጫት ነጋዴዎችም ይህን ታውቁታላችሁ። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። ጠዋት የነበረው ዋጋ ከሰዓት በኋላ ተረት ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው በሦስት ሰዓት ከዘገየ ያየነው የትናንት ገበያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

📌 2. እየደጋገሙ መጠየቅ ወይስ መስመር መያዝ?

ተራ ድረ ገጽ የሚሠራው በጥያቄና መልስ ነው። ስልካችሁ «ዋጋው ስንት ነው?» ይላል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ነገሩ ያልቃል። በኋላ ዋጋው ቢቀየር ሰርቨሩ ፈልጎ አይነግራችሁም። እናንተው እንደገና መጠየቅ አለባችሁ።

የመጀመሪያዎቹ የዋጋ ገጾች ይህን የፈቱት በመደጋገም ነበር። ስልኩ በየ2 ሰከንዱ ይጠይቃል። 2,000 ሰው ገጹን ከከፈተ ሰርቨሩ በሰከንድ 1,000 ጥያቄ ይመልሳል ማለት ነው። አብዛኛው መልስ ደግሞ «አልተቀየረም» ነው። ለተጠቃሚውም ኪሳራ ነው። አንድ ጥያቄና መልስ አንድ ኪሎባይት ቢፈጅ፣ በ10 ሰዓት 18,000 ጊዜ ሲጠየቅ 18 ሜጋባይት ይሆናል። ፓኬጅ እየቆጠረ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ መስመር መያዝ ነው። አንድ ጊዜ ትደውላላችሁ፣ ስልኩን አትዘጉም፣ ዋጋ ሲቀየር ወዲያው ይነገራችኋል። ዌብሶኬት የሚባለው ይህ ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 አርኤፍሲ 6455 በሚል ቁጥር ጸደቀ። በዚህ መስመር ሁለቱም ወገን መናገር ይችላል። ከዚህ ቀለል ያለ ደግሞ አለ፤ ሰርቨር-ሴንት ኢቨንትስ ይባላል። እዚህ የሚናገረው ሰርቨሩ ብቻ ነው፣ ስልኩ ያዳምጣል። ለንጹህ የዋጋ ሰሌዳ ይህ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ገዢና ሻጭ ትዕዛዝ የሚያስገቡበት ከሆነ ግን ዌብሶኬት ይሻላል።

📌 3. ደላላው ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ እንምጣ። ሪቨርስ ፕሮክሲ ይባላል። እኛ «የፊት ሰርቨር» እንበለው።

ገዢ መጋዘን ድረስ አይገባም አይደል? በሩ ላይ ያለውን ደላላ ያናግራል፣ ደላላው ውስጥ ገብቶ ያመጣል። ገዢው መጋዘኑ የት እንደሆነ፣ አንድ ይሁን ሦስት፣ አያውቅም። የፊት ሰርቨርም እንደዚሁ ነው። ስልካችሁ የሚያናግረው እሱን ነው። ዋጋውን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ከኋላ ተደብቋል። «ሪቨርስ» የተባለው በባለ ዕቃው በኩል ስለቆመ ነው። ተራ ፕሮክሲ የገዢ ደላላ ነው፤ ይህኛው የሻጭ ነው።

ያለ ደላላ ቢሠራስ? ይቻላል፣ ግን አይመከርም። ምክንያቶቹ እነዚህ ናቸው፦

👉 ምስጠራ። አድራሻው ላይ የምታዩት የቁልፍ ምልክት የሚመጣው ከምስክር ወረቀት ነው። የፊት ሰርቨሩ ወረቀቱን በአንድ ቦታ ይይዛል፣ ያድሳል። እንደ ሌትስ ኢንክሪፕት ያሉ ነጻ ምስክር ወረቀቶች ለ90 ቀን ሲሰጡ ስለቆዩ እድሳቱ በራሱ እንዲሠራ ማድረግ ግድ ነው።

👉 አንድ በር። ድረ ገጹም፣ የዋጋው ፕሮግራምም፣ የአስተዳዳሪው ክፍልም በአንድ አድራሻ፣ በ443 በር ይገባሉ። የፊት ሰርቨሩ እያየ ወደየቦታቸው ይመራል።

👉 ጥበቃ። የዋጋው ፕሮግራም ከውጭ በቀጥታ አይነካም። ከመጠን በላይ የሚጠይቀውን በሩ ላይ ማስቆም ይቻላል።

👉 መተካት። አንዱ ፕሮግራም ቢወድቅ ወደ ሌላው ይልካል።

በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ኤንጂንኤክስ ነው። ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ነው። አፓቼ፣ ኤችኤፕሮክሲና ካዲም አሉ። ከዚህ በታች ምሳሌዎቹን በኤንጂንኤክስ እናድርጋቸው፤ ሐሳቡ ለሁሉም ይሠራል።

📌 4. ደላላው የሚያበላሽባቸው ሰባት ቦታዎች

ሀ) «መስመር ልያዝ» የሚለውን ቃል አያስተላልፍም

ዌብሶኬት ሲጀመር ስልኩ በተራው ቋንቋ ይደውልና «ወደ ዌብሶኬት እንሸጋገር» ይላል። ይህን የሚልባቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ «አፕግሬድ» እና «ኮኔክሽን» የሚባሉ ሄደሮች ናቸው። ሰርቨሩ ከተስማማ 101 ቁጥርን ይመልሳል፣ መስመሩ ይያዛል።

ችግሩ እነዚህ ቃላት በኤችቲቲፒ ደንብ ለአንድ እርምጃ ብቻ የተጻፉ ናቸው። ደላላው ከስልኩ ይቀበላቸዋል፣ ወደ ኋላ ግን በራሱ አያስተላልፍም። የኋላው ፕሮግራም ተራ ጥያቄ የመጣ ይመስለውና ብዙ ጊዜ 400 ወይም 426 ብሎ ይመልሳል።

መፍትሔው በማስተካከያው ፋይል ላይ ሁለቱን ሄደሮች በግልጽ እንዲያስተላልፍ ማዘዝ ነው። ከዚህ ጋር ወደ ኋላ የሚናገርበት ኤችቲቲፒ 1.1 እንዲሆን ይጻፍ። ኤንጂንኤክስ ለረጅም ዓመታት በነባሪ ወደ ኋላ የሚናገረው በ1.0 ስለሆነና በዚያ ሽግግሩ ስለማይሠራ ነው። ይህ አገልግሎት የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 በ1.3.13 ስሪት ነው። ዛሬ የምትጭኑት ሁሉ አለው።

ለ) ዝምታን እንደ መጨረሻ ይቆጥራል

የብዙ ሰው ራስ ምታት ይህ ነው። ደላላው ከኋላ ለ60 ሰከንድ ምንም ካልሰማ «በቃ ጨርሰዋል» ብሎ መስመሩን ይዘጋል። «ፕሮክሲ ሪድ ታይምአውት» የሚባለው ማስተካከያ ነባሪው 60 ሰከንድ ነው። ገበያው ሲጋጋል ዋጋ በየሰከንዱ ስለሚመጣ ችግሩ አይታይም። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ ለአንድ ደቂቃ ግብይት ሲጠፋ፣ መስመሩ ይቆረጣል።

ነገሩን አስተውሉት። ሰሌዳው የሚቆመው ልክ ገበያው ሲረጋጋ ስለሆነ ተጠቃሚው «ገበያው ነው ዝም ያለው» ብሎ ያልፈዋል። ከደቂቃዎች በኋላ ዋጋው ሲነሳ መስመሩ ከተዘጋ ቆይቷል፣ እሱ ግን አሁንም የድሮውን እያየ ነው። መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ጊዜውን ማርዘም ነው፤ ለዚህ መስመር ብቻ ለምሳሌ አንድ ሰዓት ማድረግ። ሁለተኛው፣ የተሻለው፣ በየ20 ወይም 25 ሰከንዱ «አለህ?» «አለሁ» የሚባባሉ ትንንሽ መልዕክቶች መላክ ነው። በዌብሶኬት ደንብ ፒንግና ፖንግ ይባላሉ። በየ25 ሰከንዱ ቢላክ በ10 ሰዓት 1,440 ጊዜ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ከግማሽ ሜጋባይት በታች ነው። በመጠየቅ ከሚጠፋው 18 ሜጋባይት ጋር አወዳድሩት። የሞባይል ኔትወርክም ዝም ያለ መስመርን በራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ደላላውን ብቻ አርዝሞ መቀመጥ አያዋጣም፣ ፒንጉ ግድ ነው።

ሐ) እያጠራቀመ ይሰጣል

ኤንጂንኤክስ ከኋላ የሚመጣውን መልስ በነባሪ ያጠራቅማል፣ ሲሞላለት ይሰጣል። ለተራ ገጽ ጥሩ ነው። ለሰርቨር-ሴንት ኢቨንትስ ግን ጥፋት ነው፤ አንድ የዋጋ ለውጥ ጥቂት ባይት ስለሆነች ሌሎቹ እስኪመጡ ትታሰራለች። ተጠቃሚው ለብዙ ደቂቃ ምንም አያይም፣ ከዚያ 30 ለውጥ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። ገበያው የዘለለ ይመስለዋል። ለዚህ መስመር «ፕሮክሲ በፈሪንግ» የሚለውን ማጥፋት ነው። ዌብሶኬት ከተሸጋገረ በኋላ ይህ አይነካውም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በኤችቲቲፒ 1.1 ብራውዘር ለአንድ አድራሻ ከ6 በላይ መስመር አይይዝም። ሰባተኛ ገጽ የከፈተ ሰው ይንጠለጠላል። ከስልኩ እስከ ፊት ሰርቨሩ ያለውን በኤችቲቲፒ 2 ማድረግ ይህን ይፈታል።

መ) ያረጀውን አስቀምጦ ይሸጣል

ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ «የአሁኑ ዋጋ» በተራ ጥያቄ ይመጣል፣ ከዚያ ለውጦች በመስመሩ ይከተላሉ። የፊት ሰርቨሩ ወይም ብራውዘሩ ያንን የመጀመሪያ መልስ ካሽ አድርጎ ካስቀመጠው፣ የሚከፍት ሁሉ ከ10 ደቂቃ በፊት የነበረውን ያያል። ለዋጋው መልስ «አታስቀምጥ» የሚል ሄደር አብሮ ይሂድ። ፎቶና የገጹ ቅርጽ ግን ይቀመጥ፤ ዳታ ይቆጥባል።

ሠ) ሁሉንም ሰው አንድ ሰው ያስመስላል

የኋላው ፕሮግራም የሚያየው ደላላውን ብቻ ነው። 2,000 ሰው ቢገባ ለእሱ ሁሉም ከአንድ አድራሻ ናቸው። «ከአንድ አድራሻ ከ20 በላይ አልቀበልም» የሚል ሕግ ካለው ሁሉንም ያባርራል። ደላላው የእውነተኛውን ጎብኚ አድራሻ በ«ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር» ሄደር ማስተላለፍ አለበት። ፕሮግራሙም ይህን ሄደር ከራሱ ደላላ ሲመጣ ብቻ ይመን። ካልሆነ ማንም ሰው የሐሰት አድራሻ ጽፎ ይገባል።

ለዚህም ሲባል የኋላው ፕሮግራም 127.0.0.1 ላይ ብቻ ያዳምጥ። ወደ ውጭ ክፍት ከሆነ ሰው ደላላውን ዘሎ በጓሮ ይገባል፤ በሩ ላይ ያቆማችሁት ጥበቃ ሁሉ ከንቱ ነው።

ረ) ሁለት መጋዘን ሲኖር ያምታታል

ጎብኚ ሲበዛ ፕሮግራሙን በሁለት ሦስት ቅጂ ማስነሳት ይመጣል። እዚህ ሁለት ጣጣ አለ። አንደኛ፣ እንደ ሶኬት ዶት አይኦ ያሉ መሣሪያዎች ሲጀምሩ ብዙ ጥያቄ በተከታታይ ሊልኩ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ወደ ቅጂ አንድ፣ ሁለተኛው ወደ ቅጂ ሁለት ከሄደ ቅጂ ሁለት «አላውቅህም» ይላል። አንድ ጎብኚ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቅጂ እንዲሄድ መደረግ አለበት። በአድራሻ መመደብ አንዱ መንገድ ነው፤ ነገር ግን በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ሺህ ሰው በጥቂት የጋራ አድራሻዎች ስለሚወጣ ሁሉም አንዱ ቅጂ ላይ ሊከመር ይችላል። በኩኪ መመደብ የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፣ አዲስ ዋጋ ወደ ቅጂ አንድ ብቻ ከገባ ቅጂ ሁለት ላይ ያሉት አያዩትም። ጭሮ ያለው አንድ ዋጋ፣ በደሳ ያለው ሌላ ዋጋ ያያል፤ ሁለቱም «ቀጥታ» ላይ ናቸው! ለዚህ እንደ ሬዲስ ያለ የጋራ ማሰራጫ መሃል ይቀመጣል፤ ዋጋ እዚያ ይለጠፋል፣ ሁሉም ቅጂ ከዚያ ያነባል።

ሰ) ቦታ ይሞላበታል

ተራ ጎብኚ ገብቶ ይወጣል። የመስመር ጎብኚ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ኤንጂንኤክስ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሂደት የመስመር ገደብ አለው፤ ነባሪው 512 ነው፣ በብዙ ጭነቶች ላይ 768 ወይም 1024 ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንድ ጎብኚ ሁለት መስመር ነው የሚይዘው፤ አንዱ ከስልኩ፣ ሌላው ወደ ኋላ። ስለዚህ 1024 የሚለው ገደብ 1,000 ሰው ሳይሆን ወደ 500 ሰው ነው። ቁጥሩን ስታሳድጉ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የክፍት ፋይል ገደብም አብሮ ይደግ፤ ካልሆነ የጻፋችሁት ቁጥር ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ማስተካከያ ቀይራችሁ ሪሎድ ስታደርጉም ልብ በሉ። አሮጌዎቹ ሂደቶች የያዙት መስመር እስኪዘጋ ድረስ አይወጡም። የቀጥታ መስመር ደግሞ ለሰዓታት ይቆያል። በቀን አምስት ጊዜ ሪሎድ ያደረገ ሰው አምስት ትውልድ ሂደት ሜሞሪው ላይ ተኝቶ ሊያገኝ ይችላል። «ወርከር ሻትዳውን ታይምአውት» በሚለው የጊዜ ገደብ ስጡት፤ ያኔ የቀሩት ተቆርጠው ወደ አዲሱ ይመለሳሉ።

📌 5. ስልኩ በኩል ያለው ግማሽ ሥራ

የፊት ሰርቨሩ ምንም ያህል ቢስተካከል መስመር መቆረጡ አይቀርም። ከበደሳ ወደ ገለምሶ በመኪና የሚሄድ ሰው ኔትወርኩ ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ያውቀዋል። ስለዚህ ቆርጦ መመለስን እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ መሥራት ነው። አራት ነገር ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ሲቆረጥ ይወቅ። ስልኩ ለምሳሌ 60 ሰከንድ ከሰርቨሩ ምንም ነገር ካልሰማ መስመሩ ሞቷል ብሎ ይያዘው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በብራውዘር ውስጥ የሚሠራው የገጹ ኮድ የዌብሶኬቱን ፒንግ አያየውም፤ ብራውዘሩ ራሱ መልሶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሰርቨሩ በየ25 ሰከንዱ «አለሁ፣ ሰዓቱ ይህ ነው» የሚል ተራ መልዕክት ቢልክ ለሁለቱም ይሆናል፤ ደላላውም መስመሩን አይዘጋም፣ ስልኩም ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ሲመለስ ተራ በተራ ይመለስ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ሰከንድ ከተንጋጋ ሰርቨሩ እንደገና ይወድቃል። ስልኩ መጀመሪያ 1 ሰከንድ፣ ከዚያ 2፣ 4፣ 8 እያለ ይጠብቅ፤ ላዩ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ ይጨመርበት። የዘፈቀደው ከሌለ ሁሉም አብረው ጠብቀው አብረው ይመጣሉ፤ ምንም አልተጠቀምንም።

ሦስተኛ፣ ሲመለስ ከባዶ ይጠይቅ። በተቆረጠበት ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ለውጥ አምልጦት ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ለውጥ ተራ ቁጥር ይኑረው፤ የመጨረሻው 418 ከነበረና አሁን 422 ከመጣ መሃሉ እንደጎደለ ያውቃል፣ ሙሉውን እንደገና ይወስዳል።

አራተኛ፣ ሰዓቱን ያሳይ። አረንጓዴ ነጥብ ብቻ በቂ አይደለም። «የመጨረሻ ግብይት» እና «መስመሩ የተረጋገጠበት» የሚሉ ሁለት ሰዓቶች ለየብቻ ይጻፉ። የመጀመሪያው ገበያውን፣ ሁለተኛው ገጹን ይናገራል። ሁለተኛው ካረጀ ቁጥሩ ይደብዝዝ ወይም ግራጫ ይሁን። ያረጀ ዋጋን ደምቆ ማሳየት ነጋዴውን ገደል መክተት ነው።

📌 6. ለነጋዴው፦ ከመስማማታችሁ በፊት

👉 ሰዓቱን እዩ፣ የማን ሰዓት እንደሆነም እዩ። 14፡05 የሚል ካያችሁ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8፡05 ነው። ገጹ የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያው 8፡05 እዚያ 11፡05 ተብሎ ይጻፋል።

👉 ገበያው ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። የኒውዮርክ ቡና በአሜሪካ በጋ ከቀኑ 5፡15 እስከ ምሽቱ 2፡30፣ በክረምታቸው ከቀኑ 6፡15 እስከ ምሽቱ 3፡30 ነው የሚገበያየው። ከዚያ ውጪ ቁጥሩ ቢቆም ገጹ አልተበላሸም።

👉 «የዘገየ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ብዙ ነጻ ገጾች የዓለም ዋጋን የሚያሳዩት 10 ወይም 15 ደቂቃ አዘግይተው ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፣ በፈቃድ የተደረገ ነው። ግን ልታውቁት ይገባል።

👉 ገበያው ክፍት ሆኖ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ካልተነቃነቀ ገጹን ዝጉና እንደገና ክፈቱት። ሲከፈት ቁጥሩ ከተቀየረ የቆመው ገጹ ነበር። ካልተቀየረ ግን ገና አትመኑ፤ ካሽ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምንጭ እዩ።

👉 ትልቅ ጭነት ከሆነ በስልክ ሁለተኛ ሰው ጠይቁ። ሰሌዳ ወሬ ያቀብላል እንጂ ውል አይፈርምላችሁም። ደግሞም በቀጥታ ትስስር የሚሸጠው ቡና ዋጋ ሁልጊዜ ሰሌዳ ላይ አይወጣም።

📌 7. ለሠሪው፦ ችግሩን የት እንፈልግ?

ሲበላሽ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1) ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ ፕሮግራሙን ያለ ደላላ በቀጥታ ሞክሩት። ከሠራ ችግሩ ደላላው ላይ ነው፤ ካልሠራ ከኋላ ነው።

2) የመለሰውን ቁጥር አንብቡ። 101 ከሆነ መስመሩ ተይዟል። 400 ወይም 426 ከሆነ ፊደል ሀን ተመልከቱ። 403 ከሆነ ፕሮግራሙ ከየትኛው ገጽ እንደመጣችሁ እያጣራ ሊሆን ይችላል፤ የድረ ገጹ ስም በፈቃድ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እዩ። 502 ከሆነ ከኋላ ያለው ፕሮግራም ወድቋል ወይም በሩ ተሳስቷል። 504 ከሆነ ፕሮግራሙ አለ፣ ግን አልመለሰም።

3) ሰዓት ያዙ። ልክ በ60 ሰከንድ የሚቆረጥ ከሆነ ፊደል ለ ነው። መቼም ሰው በዘፈቀደ በየ60 ሰከንዱ አይቆረጥም። ጊዜው የሚለያይ ከሆነ ኔትወርኩን ጠርጥሩ።

4) የማይቆረጥ ግን በጅምላ የሚመጣ ከሆነ ፊደል ሐ ነው።

5) ጠዋት ሠርቶ ገበያ ሲሞቅ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ፊደል ሰን ቁጠሩ፤ ስንት መስመር እንደተያዘ ተመልከቱ።

አንድ የመጨረሻ ምክር። ለበደሳና ለአካባቢው ገጽ የሚሠራ ሰው ከአንድ ትንሽ ሰርቨር፣ ከአንድ የፊት ሰርቨርና ከአንድ ፕሮግራም ይጀምር። ሁለተኛ ቅጂ፣ ሬዲስ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሲበዛ ይመጣል። ከመጀመሪያው ቀን ግን ሁለቱ ሰዓቶች፣ በየ25 ሰከንዱ የሚላከው «አለሁ» እና ተራ ቁጥሩ አይቅሩ። እነዚህ ሦስቱ ገንዘብ አይጠይቁም። 60 ኩንታል ጭኖ መንገድ ላይ ያለው ሰውዬ ያየው ቁጥር የአሁን መሆኑን የሚያውቀው በእነሱ ነው።

የራሳችሁን ገጽ የምትሠሩ ካላችሁ የትኛው ፊደል ላይ እንደተቸገራችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ትምህርት በእሱ እንጀምራለን። የነገው የዋጋ አስተያየት በተለመደው ሰዓት ይለቀቃል። መልካም ገበያ!